ለቃለ ጉባኤው

ተንደር ቤይ። ማክሰኞ። ከቀትር በኋላ።
ሐይቁ በበረዶ ተዘግቷል በሞላ።
በዳርቻው ቆመው የስንዴ ጎተሮች፣
ባዶ ሆድ ያቀፉ የሲሚንቶ ሰዎች፣
በመስኮት ያዩናል።

እኔ መምህር ነኝ፤ የማስተምረው አፈር፤
በወር አንዴ ደግሞ ከሴኔቱ መንበር
ጎን ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤
የተባለውን እጽፋለሁ፤
ያልተባለውን እሰማለሁ።

ምልዓተ ጉባኤ ሠላሳ አንድ ነው፤ የመጣነው ሠላሳ፤
አንዱን በረዶ ያዘው፤ አንዱ ታሞ ተኛ፤ አንዱ ቀኑን ረሳ።
አጀንዳ ቁጥር ሰባት፣
ከመኪና ማቆሚያ ክፍያ በታች፣ ከ«ልዩ ልዩ» በፊት፦
የፊንላንድ ቋንቋ ትምህርት ክፍል መዘጋት።

«የጋራ አስተዳደር» ይላል ደንባችን ገና ሲጀምር፤
ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ቁልፉ ግን በአንድ ኪስ ሲያድር።

ፕሬዚዳንት ሃርግሪቭ ፈገግታ አልተለያቸው፤
«ቦርዱ ምክራችሁን ይፈልጋል» አሉ፤ ሞቅ አለ ድምፃቸው።
ጠዋት ግን አይቻለሁ፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ አናጢው ዋልተር፣ መፍቻ በእጁ፣
የክፍሉን ስም ከበሩ ሲነቅል፤
አራት ብሎን በመዳፉ፤ ዓይኑን ከዓይኔ ሲከልል፤
«ታዝዤ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ነበር የማውቀው፤
እዚህ ለውሻው ሰዓት ተመድቧል፤
ለአንድ ጩኸት ሦስት ደቂቃ፤
ደወል ሲደወል በቃ።

ሩብ ሰዓት ጠበቅን። በሩ ተከፈተ።
ማርያታ ኮስኪነን፤ በረዶ በቅንድቧ፤
ከሚዘጋው ክፍል ሁለት መምህራን አንዷ።
«ጉዳዩ የኔው ነው፤ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?»
ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ ደንቡን ሳገላብጥ
ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ አገኘሁት፦
ድምፅ አትሰጥም፤ ትቆጠራለች።
ብትወጣ ጉባኤው ይፈርሳል፤ ቦርዱም «ዝም አሉ» ብሎ ይጽፋል።
ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤
በገዛ ቀብሯ ላይ ሰው እንዳያንስ የመጣች መሰለች።

በቋንቋዬ ድምፅ ሁለት ነው፤ አንዱ ጉሮሮ የሚያወጣው፣
ሌላው እጅ የሚያወጣው።
ሦስተኛም አለ፤ ድምፀ ተአቅቦ።
አምና የሙዚቃው ክፍል ሲዘጋ ያን መርጬ ነበር፤
«ሥራዬ መጻፍ ነው» ብዬ ራሴን አሞኘሁ፤
ፒያኖዎቹን የጫነው መኪና
የግቢውን ጉብታ ሲዘል ግን፣
አንዱ ከውስጥ ብቻውን ሲጮኽ ሰማሁ።

የኢኮኖሚክሱ ጉርዲፕ «ዐሥራ አንድ ተማሪ» አለ፤
አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ቁጥሩ ውሸት የለበትም።
የተማሪዎች ተወካይ ቴሳ ናኖኬሲክ ተነሣች፦
«የአያቴን ቋንቋ ትምህርት ቤት ቀማት፤
እኔ ዛሬ በማታ ኮርስ ቃል በቃል እለቅማለሁ።
ቋንቋ ስንት ተማሪ ሲኖረው ነው በሕይወት አለ የሚባለው?»
ደወሉ ተደወለ። አልጨረሰችም፤
ማንም አላስቆማትም።

ድጋፍ፣ ስድስት። ተአቅቦ፣ አንድ።
ተቃውሞ፣ ሃያ ሦስት፤
ከሃያ ሦስቱ አንዱ የኔ፣
ቀለም የነካው፣ እስክሪብቶውን መልቀቅ የረሳ እጅ።

ምክርና መከር በአናባቢ ይለያሉ፤
ጎተራ ገብተው ከተቆለፈባቸው ግን ሁለቱም ይነቅዛሉ።

ቦርዱ በሰኔ ዘጋው።
ከዚያ በፊት፣ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ ትሑት ደብዳቤ መጣ፤
«‹ተቃወመ› በሚለው ፈንታ
‹አስተያየቱን አካፈለ› ቢባልስ?» የሚል፤
«በአክብሮት» ከሚል መዝጊያ ጋር።

ደብዳቤውን አጠፍኩና ላቦራቶሪ ወረድኩ።
ከሰሜን በመጣ አፈር ውስጥ፣
ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነደደ ጫካ
ክብሪት የምታህል ጥቁር መስመር ትቷል።
ያ ዛፍ አልተመለሰም። መስመሯ ግን አለች።

ዛሬ በሩ ተቀብቷል፤ በቀለሙ ሥር አራቱን ቀዳዳ ጣት ያገኛቸዋል።
ገጽ አራት፣ መስመር ሦስት ላይ ያችው ቃል ተቀምጣለች።
አልነካኋትም።